የፈረስ ውድድር ግምት ጨዋታ፦ አሸናፊውን በምን እንለካ?

በሚያዝያ መጨረሻ ገደማ፣ በፈረንጆቹ ሜይ የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ ኬንታኪ ውስጥ ሉዊቪል ከተማ ላይ ኬንታኪ ደርቢ የሚባለው ታላቅ የፈረስ ውድድር ይካሄዳል። ያን ሰሞን አሜሪካ ውስጥ መስሪያ ቤቱም፣ ጎረቤቱም፣ ጓደኛውም የግምት ጨዋታ ያዘጋጃል። በዋሽንግተንና በሜሪላንድ አካባቢ የምንኖር ሐበሾችም ከዚህ አልራቅንም። ሎረል ፓርክ የሚባለው የፈረስ ሜዳ እኛ በብዛት ካለንበት አካባቢ በመኪና ቅርብ ነው። ፕሪክነስ የሚባለው ትልቅ ውድድርም የሜሪላንድ ነው። በ2021 እና በ2024 ደርቢው የዋለው በቀዳም ስዑር ነበር። የፋሲካ ዶሮ ሲገነጠል ቴሌቪዥኑ ላይ ፈረስ የሚሮጥበት ቤት አይጠፋም።

ጨዋታው ሲጀመር ሁሉም ደስተኛ ነው። ጭቅጭቁ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። አንዱ «አራት ፈረስ አግኝቻለሁ፣ ያሸነፍኩት እኔ ነኝ» ይላል። ሌላዋ «የኔ ሁለቱ ከአንተ አራቱ በላይ ከፍለዋል» ትላለች። ሁለቱም ልክ ናቸው። ቀድሞ ያልተወሰነው መለኪያው ነው።

ስለዚህ መለኪያዎቹን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። የኔን አቋም ከወዲሁ ልንገራችሁ። ለሳምንታት ለሚዘልቅ ጨዋታ ከሁሉም የሚሻለው የትርፍ ምጣኔ ነው፤ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ አር ኦ አይ የሚሉት። ግን ልቅ ከተተወ ጨዋታውን ያበላሻል። ልጓም ይፈልጋል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላስቀምጥ። እዚህ የማወራው በወረቀት ብር፣ ማለትም ወረቀት ላይ ብቻ በሚመዘገብ የምናብ ብር፣ ስለሚደረግ ጨዋታ ነው። ከማንም ኪስ ገንዘብ አይወጣም። ለብዙዎቻችን፣ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም፣ ቁማር የሃይማኖትና የቤተሰብ ጉዳይ ነው። ይህን አክብሮ የተዘጋጀ ጨዋታ ላይ ሁሉም ሰው ያለ ሐሳብ ይቀመጣል። ውጤቱም የሚለካው ዕውቀትን ነው፤ የማን ኪስ እንደሚችል አይደለም። ቤታችሁ ውስጥ በቤቲንግ የተጎዳ ሰው ካለ ደግሞ በወረቀት ብርም ቢሆን ይቅርባችሁ። ሌላ ጨዋታ አይጠፋም።

ከኳስ ቤቲንግ የሚለየው

የኳስ ቤቲንግ የለመደ ሰው ትኬት ሲቆርጥ ኦዱ፣ ማለትም ካሸነፈ የሚከፈለው ልክ፣ እዚያው ይታሰርለታል። የፈረስ ውርርድ አሜሪካ ውስጥ እንደዚያ አይደለም። የተወራራጁ ገንዘብ ሁሉ አንድ ቋት ውስጥ ይገባል። አዘጋጁ ድርሻውን ይቆርጣል። የቀረውን አሸናፊዎቹ ይከፋፈሉታል። ይህን አሠራር ያመጣው ጆሴፍ ኦሌ ነው፤ ፓሪስ ላይ፣ በ1860ዎቹ። ኦዱ ፈረሶቹ ከበሩ እስኪወጡ ድረስ ይለዋወጣል። ሕዝቡ ወደ አንድ ፈረስ በጎረፈ ቁጥር የዚያ ፈረስ ክፍያ ይወርዳል።

አዘጋጁ የሚቆርጠው ቀላል አይደለም። ደርቢው የሚካሄድበት ቸርችል ዳውንስ ከ2014 ጀምሮ ለተራ ውርርድ 17.5 በመቶ፣ ለተወሳሰቡት ደግሞ 22 በመቶ ይቆርጣል። ይህን ቁጥር ልብ በሉት። በጭፍን የሚወራረድ ሰው በጊዜ ብዛት ከመቶ ዶላሩ 17 ወይም 18ቱን ያጣል ማለት ነው። በትርፍ ምጣኔ ስትለኩ ዜሮ ላይ መገኘት በራሱ ጉብዝና የሚሆነው ለዚህ ነው። ከሕዝቡ ተሽላችኋል ማለት ነው።

ክፍያው የሚነገረው በ2 ዶላር ሂሳብ ነው። «8 ዶላር ከፈለ» ከተባለ 2 ዶላር ያስያዘ ሰው የራሱን ጨምሮ 8 ዶላር ወሰደ ማለት ነው። «ዊን» ፈረሱ አንደኛ ሲወጣ ብቻ ይከፍላል። «ፕሌስ» አንደኛ ወይም ሁለተኛ ሲወጣ፣ «ሾው» ደግሞ ከሦስቱ ውስጥ ሲገባ።

የትርፍ ምጣኔው ስሌት አጭር ነው። ከተመለሰላችሁ ላይ ያስያዛችሁትን ቀንሱ። ልዩነቱን ላስያዛችሁት አካፍሉ። በመቶ አባዙ። አለቀ።

አራት ተጫዋቾች፣ አራት አሸናፊዎች

አራት ሰዎች እንውሰድ። ጋሽ ከበደ፣ እትዬ አልማዝ፣ ዳዊትና ሕይወት። ለእያንዳንዳቸው 100 የወረቀት ዶላር ተሰጠ። ቀኑ 10 ውድድር አለው።

ጋሽ ከበደ በየውድድሩ 2 ዶላር፣ ሁልጊዜ ሕዝቡ የመረጠውን ፈረስ ይዘዋል። አራቱ አሸነፉላቸው። የከፈሉት 3.80፣ 4.20፣ 5.00 እና 4.40 ነው። ድምሩ 17.40 ዶላር። ያወጡት 20 ነው። የትርፍ ምጣኔያቸው ከዜሮ በታች 13 በመቶ።

እትዬ አልማዝም በየውድድሩ 2 ዶላር ይዘዋል፤ ግን ሕዝቡ ችላ ያላቸውን ፈረሶች ፈልገው ነው። ሁለት ብቻ አገኙ። አንዱ 17.60፣ ሌላው 9.40 ከፈለ። በ20 ዶላር 27 ዶላር። 35 በመቶ ትርፍ።

ዳዊት ቀኑን ሙሉ ጠበቀ። አንድ ውድድር ላይ ብቻ 2 ዶላር ያዘ። ፈረሱ አሸነፈና 8 ዶላር ከፈለ። ከዚያ ወዲያ አልነካም። የትርፍ ምጣኔው 300 በመቶ።

ሕይወት አምስት ውድድር መርጣ በእያንዳንዱ 20 ዶላር ያዘች። አራቱ ትኬት ተቃጠለ። አምስተኛው በ2 ዶላር 12 ከፈለ፤ ለእሷ 120 ዶላር ማለት ነው። በ100 ዶላር 20 ዶላር አተረፈች። 20 በመቶ።

አሁን ማን አሸነፈ? በትክክለኛ ግምት ብዛት ከሆነ ጋሽ ከበደ። ሁሉም በየውድድሩ እኩል 2 ዶላር ይያዝ ካላችሁ እትዬ አልማዝ። በትርፍ ምጣኔ፣ ያለ ምንም ገደብ፣ ዳዊት። በጠቅላላ ትርፍ ሕይወት። ቀኑ ያው ነው፣ ፈረሶቹም ያው ናቸው። ዋንጫውን የሰጠው ደንቡ ነው።

ግምት መቁጠር፦ ለአንድ ቀን፣ ለጀማሪ

በትክክለኛ ግምት ብዛት መለካት ለማስረዳት ቀላል ነው። ልጆች ያሉበት ቤት፣ ወይም ፈረስ ውድድር አይቶ የማያውቅ እንግዳ የበዛበት ግብዣ ከሆነ እሱን ውሰዱ። ማንም ሂሳብ አይጠይቅም።

ጉድለቱ ግን ትልቅ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሕዝቡ በብዛት የመረጠው ፈረስ ከሦስት ውድድር አንዱን ገደማ ያሸንፋል። ስለዚህ ምንም ሳያነብ፣ ምንም ሳያስብ፣ ሰሌዳው ላይ ዝቅተኛውን ኦድ የሚከተል ሰው ሁልጊዜ ከፊት ይሰለፋል። ጨዋታው ዕውቀት መለካቱን ያቆማል።

ሴክሬታሪያት የተባለውን ፈረስ አስቡት። በ1973 ቤልሞንት የሚባለውን ታላቅ ውድድር በ31 የፈረስ ርዝመት ልዩነት አሸነፈ። ማን ሊገምተው አልቻለም? ሁሉም ገምቶታል። ለዚህም ነው 2 ዶላር ያስያዘ ሰው 2.20 ብቻ ያገኘው። ከ5,600 በላይ አሸናፊ ትኬቶች ጭራሽ ሳይመነዘሩ ቀርተዋል፤ ሰዉ ለማስታወሻ አስቀራቸው። ፈረሱ ድንቅ ነው። ግምቱ ግን 10 በመቶ ነው የሚያወጣው። በብዛት ስትቆጥሩ ያ ግምት ማንም ካልጠበቀው ፈረስ ጋር እኩል አንድ ነጥብ ያገኛል። ይህ አይዋጥልኝም።

እኩል መያዣ፦ የታላላቆቹ መንገድ

ሁለተኛው መንገድ ለሁሉም እኩል መያዣ መደንገግ ነው። በየውድድሩ አንድ ፈረስ፣ 2 ዶላር ዊን፣ ከፈለጋችሁ 2 ዶላር ፕሌስ። መጨረሻ ላይ ብዙ የተመለሰለት ያሸንፋል። በአሜሪካ ትልቁ የፈረስ ገማቾች ሻምፒዮና፣ ኤን ኤች ሲ የሚባለውና ላስ ቬጋስ ላይ የሚደረገው፣ በዚህ መንገድ ነው የሚሠራው። ብሩ የምናብ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ሁሉም እኩል ካስያዘ የትርፍ ምጣኔና ጠቅላላ ትርፍ አንድ ዓይነት ደረጃ ነው የሚሰጡት። አካፋዩ ለሁሉም አንድ ነውና። ስለዚህ እኩል መያዣ የመረጠ ቡድን ስለ አር ኦ አይ መከራከር አያስፈልገውም። ዶላሩን ደምሮ ጨርሷል።

አስቸጋሪው ነገር የሚመጣው ከሩቅ ፈረሶች፣ ያሸንፋሉ ተብለው ካልተጠበቁት፣ ነው። በ2022 ደርቢ ሪች ስትራይክ የሚባል ፈረስ በ80 ለ1 ኦድ፣ ማለትም ለ1 ዶላር 80 ዶላር ገደማ ትርፍ በሚያስገኝ፣ አሸነፈ። በ2 ዶላር 163.60 ከፈለ፤ ፕሌሱ 74.20 ነበር። ይህን ፈረስ የያዘ ሰው ከዚያ በፊት 80 ትኬት በተከታታይ ቢያቃጥል እንኳን አሁንም ትርፍ ላይ ነው። 162 ዶላር አውጥቶ 163.60 አገኘ። የአንድ ሰዓት ዕድል የወራት ንባብን ሲውጥ ማለት ይህ ነው።

ኤን ኤች ሲ ለዚህ ጣሪያ አበጅቷል። ዊን ከ20 ለ1 በላይ አይቆጠርም፤ ማለትም በ2 ዶላር የራሱን ጨምሮ 42 ዶላር። ፕሌስ ከ10 ለ1 በላይ አይቆጠርም፤ 22 ዶላር። በዚህ ደንብ ሪች ስትራይክ በ237.80 ፈንታ 64 ዶላር ይሰጣል። አሁንም ትልቅ ሽልማት ነው፤ ግን ጨዋታውን አይገድለውም። ይህን ጣሪያ እንዳለ ውሰዱት። የተፈተነ ነው።

የትርፍ ምጣኔ፦ ለወራት ለሚዘልቅ ቡድን

ቡድናችሁ በጋውን ሙሉ የሚጫወት ከሆነ እኩል መያዣ መሰልቸት ያመጣል። ሰው በየውድድሩ አስተያየት የለውም። አንዳንዱ ውድድር ላይ እርግጠኛ ነው፣ ሌላው ላይ ጭራሽ ማለፍ ይፈልጋል። ኒውዮርክ ውስጥ ያለው የሳራቶጋ ፈረስ ሜዳ የውድድር ወቅት ከሐምሌ ጀምሮ እስከ ሌበር ዴይ ይዘልቃል። ሁሉንም ውድድር ተጫወቱ ማለት ሰውን ማድከም ነው። ሥራ ያለው አለ፣ ልጅ የሚያመላልስ አለ፣ ማታ ፈረቃ የሚገባ አለ።

የትርፍ ምጣኔ እዚህ ይበልጣል። ብዙ ጊዜ ያለውንና ትንሽ ጊዜ ያለውን በአንድ ሚዛን ያስቀምጣል። አስር ጊዜ የተጫወተም፣ መቶ ጊዜ የተጫወተም ለእያንዳንዱ ዶላር ምን አመጣህ ተብሎ ነው የሚጠየቀው። ማለፍን ይሸልማል። ፈረስን በዋጋው ማየትንም ያስተምራል። ጥሩ ፈረስ በመጥፎ ዋጋ ሊቀርብ ይችላል። ጀስቲፋይ የሚባለው ፈረስ በ2018 ሦስቱንም ታላላቅ ውድድሮች አሸነፈ። በደርቢ 7.80፣ በፕሪክነስ 2.80፣ በቤልሞንት 3.60 ከፈለ። ፈረሱ ያው ነው። ለተወራራጁ ግን የመጀመሪያው ቀን ሌሎቹ ሁለቱ ተደምረው የማይደርሱበት ነበር።

አሁን ወደ ዳዊት እንመለስ። አንድ ጊዜ ይዞ፣ አሸንፎ፣ 300 በመቶ ላይ ቁጭ አለ። ያለ ገደብ ከሆነ ማንም አይደርስበትም። ከዚህ የከፋው ደግሞ ሁሉም ሰው ይህን ሲረዳ ነው፤ አንድ ጊዜ ያሸነፈ ሁሉ ጨዋታውን ያቆማል። የጨዋታው ደስታ እዚያ ላይ ሞተ።

መፍትሔው ዝቅተኛ መያዣ መደንገግ ነው። ለቀኑ 20 ዶላር እንበል። ያልደረሰ ሰው የጎደለው ሁሉ እንደተበላ ይቆጠርበታል። የዳዊት ሂሳብ ያኔ 8 ዶላር ለ20 ይሆናል፤ ከዜሮ በታች 60 በመቶ። እትዬ አልማዝ በ35 በመቶ አንደኛ ይሆናሉ። ሕይወት በ20 በመቶ ትከተላለች። ጋሽ ከበደ ሦስተኛ። ይህ ደረጃ ለኔ ፍትሐዊ ነው። ዕለቱን ማን እንዳነበበ በትክክል ያሳያል።

ከላይም ወሰን አድርጉ። በአንድ ውድድር ከመቶው ዶላር ከ20 በላይ አይያዝ። አለበለዚያ ኋላ የቀረ ሰው የመጨረሻው ውድድር ላይ ያለውን ሁሉ ጭኖ ይፀልያል።

አንድ የስሌት ወጥመድ አለ፤ እባካችሁ በደንብ እዩት። የየቀኑን ምጣኔ ደምራችሁ አማካይ እንዳታወጡ። አንድ ሰው ቅዳሜ 4 ዶላር ይዞ 12 አገኘ እንበል፤ 200 በመቶ ትርፍ። እሑድ 96 ይዞ 48 ተመለሰለት፤ 50 በመቶ ኪሳራ። የሁለቱ ቀን አማካይ 75 በመቶ ትርፍ ይላችኋል። እውነቱ ግን ሰውየው 100 ዶላር አውጥቶ 60 ነው ያገኘው። 40 በመቶ ከስሯል። ሁልጊዜ ያስያዘውን ሁሉ ለብቻ፣ የተመለሰውን ሁሉ ለብቻ ደምሩ። ማካፈል መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ጠቅላላ ትርፍ

በመጨረሻ የቀረውን ገንዘብ መቁጠር በእውነተኛ ብር የሚደረጉ ውድድሮች መንገድ ነው። ብሪደርስ ከፕ በሚባለው ትልቅ የፈረስ ውድድር ላይ የሚደረገው የገማቾች ውድድር እንዲህ ይሠራል። መግቢያው 10,000 ዶላር ነው፤ 7,500ው መወራረጃ ይሆናል። ድፍረት የሚሸለምበት መድረክ ነው። በወረቀት ብር ሲሆን ግን ድፍረት ዋጋ የለውም። የሚያጣው የሌለ ሰው ሁሉ ደፋር ነው። ለጓደኛሞች ጨዋታ አልመክረውም።

ከመጀመራችሁ በፊት የምትጽፏቸው ደንቦች

ውጤቱ መቼ ይጸናል? መልሱ አንድ ነው፦ በዕለቱ ይፋ ከተደረገው ውጤት በኋላ ምንም አይለወጥም። በ2019 ደርቢ ማክሲመም ሴኩሪቲ አንደኛ ገብቶ ነበር። ዳኞቹ ሌሎችን አደናቅፏል ብለው ሻሩትና ድሉ ለካንትሪ ሀውስ ተሰጠ። 65 ለ1 የነበረው ፈረስ 132.40 ዶላር ከፈለ። ውሳኔው ውጤቱ ይፋ ከመሆኑ በፊት ስለነበር ክፍያው በእሱ ሄደ። በ2021 ደግሞ ያሸነፈው መዲና ስፒሪት በመድኃኒት ምርመራ ምክንያት ድሉን የተነጠቀው በቀጣዩ ዓመት ነው። ያኔ የተከፈለው ተከፍሏል፤ ማንም አልተጠየቀም። የእናንተም ሰንጠረዥ እንዲሁ ይሁን።

ፈረስ ከውድድር ሲወጣስ? ይህ በጣም የተለመደ ነው። ሪች ስትራይክ ራሱ ሐሙስ ዕለት ተጠባባቂ ነበር። ዓርብ ጠዋት ኢቲሪያል ሮድ የሚባለው ፈረስ ሲወጣ ነው በእሱ ቦታ የገባው። ግምቱን ሐሙስ ማታ ያስገባ ሰው የአሸናፊውን ስም ከተሰላፊዎቹ ጋር አላየውም። ስለዚህ ሁሉም ሰው አንድ ተለዋጭ ፈረስ ያስመዝግብ። ተለዋጩም ከወጣ ሕዝቡ በብዛት የያዘው ፈረስ ይተካ።

ግምት የሚሰበሰበው መቼ ነው የሚለውም ደረጃውን ይለውጣል። ሁሉም ጠዋት አንድ ላይ ካስገባ ማንም የሌላውን ነጥብ አይቶ አይጫወትም። እየተመለከቱ ከሆነ ግን ከሰዓት በኋላ ኋላ የቀሩት ሁሉ ሩቅ ሩቁን ፈረስ ማሳደድ ይጀምራሉ። ሥራ ለሚበዛበት ቡድን የጠዋቱ ይሻላል። አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጣችሁ የምታዩ ከሆነ ግን በየውድድሩ መካከል መምረጥ ጨዋታው ላይ ጨው ይጨምራል።

የተወሳሰቡ ውርርዶችን፣ አንደኛና ሁለተኛውን በቅደም ተከተል መገመትን የመሰሉትን፣ አውጧቸው። በ2022ቱ ደርቢ ያ ግምት በ2 ዶላር ከ4 ሺህ ዶላር በላይ ከፍሏል። አንድ እንዲህ ያለ ትኬት ከገባ በጋው አለቀ ማለት ነው።

ሰንጠረዡን አንድ ሰው ይያዝ፣ ሁሉም ይየው። አምስት ዓምድ ይበቃል፦ ቀን፣ ውድድር፣ ፈረስ፣ ያስያዘው፣ የተመለሰለት። ግምቱ ፈረሶቹ ከመነሳታቸው በፊት በቡድኑ የቴሌግራም ወይም የዋትስአፕ ገጽ ላይ ካልተጻፈ አይቆጠር። «በልቤ ይዤው ነበር» ለሚል ሰው፣ ታላቅም ይሁን ታናሽ፣ ደንቡ አንድ ይሁን።

የሁለት ሰዎች ምጣኔ እኩል ከመጣ፣ በብዛት የተጫወተው ይቅደም። ያን ውጤት በ60 ውድድር ላይ ያቆየ ሰው በ15 ካመጣው ይልቅ ዕድል ያገዘው ያነሰ ነው። ያም እኩል ከሆነ ከሁሉም ትልቁ ክፍያው ይነሳለትና የቀረው ይታሰብ። ያለዚያ አንድ ትኬት የተሻለ የሚቆመው ማን እንደሆነ ወዲያው ይታያል።